ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ፎቶግራፍ ከማን ጋር ይነጋገራል?

ቀደም ባለው ጊዜ በአንድ ቤት ሳሎን ውስጥ የፎቶግራፍ ነገር አንዴ ያለቀለት ጉዳይ ነበር። የሠርጉ፣ የምረቃው፣ የክርስትናው ፎቶ ከፎቶ ቤት መጥቶ፣ መስታወት ገብቶለት፣ በእንጨት ተከፍፎ ከግድግዳ ላይ ይሰቀላል። የተረፈው አልበም ውስጥ ይገባና እንግዳ በመጣ ቁጥር ቡናው እስኪፈላ ይገለጣል። ያ ፎቶ አንዴ ከተሰቀለ በኋላ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። መብራት ጠፋ አልጠፋ፣ ኔትወርክ ኖረ አልኖረ ጉዳዩ አይደለም። ያነሳው ፎቶ ቤት ቢዘጋ እንኳ እርሱ ከግድግዳው አይወርድም።

አሁን ደግሞ ሌላ ዓይነት ፎቶግራፍ መጥቷል። ሜሪላንድ፣ ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ ያለ ልጅ በእጅ ስልኩ ያነሳው የሕፃን ፎቶ ብዙም ሳይቆይ አዲስ አበባ ባለች እናቱ ቤት፣ ኮመዲኖ ላይ በቆመ ትንሽ ስክሪን ላይ ይታያል። «እማዬ፣ አየሽው?» ይላል በስልክ። «አየሁት ልጄ፣ ጥርስ አወጣ እኮ!» ትላለች። ስልክ መነካካት ለሚያስቸግራቸው አረጋውያን ወላጆች፣ ምንም ሳይጫኑ የልጅ ልጃቸውን ፊት ማየት ቀላል ደስታ አይደለም።

ይሁን እንጂ ይህ ደስታ የራሱ ጥያቄዎች አሉት። ፎቶው ከሜሪላንድ ተነስቶ አዲስ አበባ እስኪደርስ በማን እጅ አለፈ? የት አደረ? አሳላፊው ድርጅት ነገ ቢዘጋስ? ስክሪኑስ ፎቶ ከማሳየት ሌላ ሥራ ይኖረው ይሆን? ጥያቄዎቹ የፎቶ ፍሬም ብቻ አይደሉም። ከኢንተርኔት ጋር ለሚገናኘው አምፖልም፣ ለበር ደወሉም፣ ለጥበቃ ካሜራውም፣ ለቴሌቪዥን ሣጥኑም ያው ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የዕቃውን ታሪክ፣ አሠራሩን፣ ጉዳቱንና ከመግዛት በፊት መታየት ያለበትን በቅደም ተከተል እናያለን። ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዕቃው ምንድን ነው?

ዲጂታል የፎቶ ፍሬም ማለት በአጭሩ የፎቶ ክፈፍ መልክ የተሰጠው ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ፊቱ እንደ ላፕቶፕ ስክሪን ነው። በጀርባው ፎቶውን የሚፈታ ፕሮሰሰር፣ ፎቶው የሚቀመጥበት ማስታወሻ (ሜሞሪ) እና የኤሌክትሪክ መሰኪያ አለው። የመጀመሪያዎቹ ርካሽ ፍሬሞች ፎቶ የሚቀበሉት በዩኤስቢ ፍላሽ ወይም ከካሜራ በሚወጣ የኤስዲ ካርድ ብቻ ነበር። ሽቦ አልባ የሚባለው ከእነዚህ የሚለየው የዋይፋይ መቀበያ ስላለውና ፎቶ ከሩቅ ስለሚቀበል ነው።

በልማድ «ሽቦ አልባ» ይባል እንጂ ብዙው ፍሬም የኤሌክትሪክ ሽቦ አለው። ስክሪኑ ቀኑን ሙሉ ስለሚበራ በባትሪ ብቻ ብዙ አይዘልቅም። የሚወስደው ኃይል ግን ብዙ አይደለም። 10 ዋት የሚጠቀም ፍሬም ለ24 ሰዓት ሳይጠፋ ቢቆይ በ30 ቀን የሚቆጥረው 7.2 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ሌሊቱን 12 ሰዓት እንዲጠፋ ከተደረገ ወደ 3.6 ይወርዳል።

ከየት መጣ?

የዲጂታል ፎቶግራፍ ታሪክ ራሱ ረጅም አይደለም። በ1975 የኮዳክ ኩባንያ መሐንዲስ ስቲቭ ሳሶን የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ ሠራ። ካሜራው 3.6 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ሲሆን፣ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ በካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። በ1992 ደግሞ ጄፔግ የሚባለው የፎቶ ማጨቂያ ደረጃ ወጣ። ዛሬም አብዛኛው ፍሬም የሚያነበው እርሱን ነው።

የራዲዮ ሞገዱ በሌላ በኩል መጣ። የአሜሪካ የመገናኛ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ1985 የተወሰኑ ሞገዶችን፣ ከእነዚህም አንዱን የ2.4 ጊጋኸርዝ ክልል፣ ያለ ፈቃድ ለመገናኛ እንዲውሉ ከፈተ። በ1997 የመጀመሪያው የሽቦ አልባ ኔትወርክ ደረጃ ጸደቀ። በ1999 ደግሞ በሰከንድ 11 ሜጋቢት የሚያደርሰው ሥሪት ወጣና «ዋይፋይ» የሚለው የንግድ ስም ተለመደ።

ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኘው የፎቶ ፍሬም ግን ዋይፋይ በየቤቱ እስኪገባ አልጠበቀም። በ2000 አካባቢ አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የቀረበው ሲቫ የተባለ ፍሬም የሚሠራው በቤት ስልክ መስመር ነበር። ቤተሰቡ ሲተኛ፣ ሌሊት፣ ፍሬሙ ራሱ ወደ ኩባንያው ይደውላል፤ ዘመድ የላከውን ፎቶ ያወርዳል፤ ጠዋት አያት ሲነሱ አዲስ ፎቶ ያገኛሉ። ኮምፒውተር መንካት አያስፈልጋቸውም። ለአገልግሎቱ ግን የሚከፈል የደንበኝነት ሒሳብ ነበረው። ልብ በሉ፤ ፎቶው በቀጥታ ከልጅ ወደ እናት አይሄድም፣ በመሐል ድርጅት አለ፣ ድርጅቱም ይከፈለዋል። ያ አሠራር በመሠረቱ ዛሬም አልተለወጠም።

ከ2007 ጀምሮ ኮዳክ የዋይፋይ ፍሬሞችን ማቅረብ ጀመረ። በ2008 ይፋ ያደረገው በኦሌድ ስክሪን የተሠራ ባለ 7.6 ኢንች ፍሬም ዋጋው ወደ 1,000 ዶላር ይጠጋ ነበር። በ2007 የወጣው አይ-ፋይ የተባለው የካሜራ ካርድ ደግሞ ነገሩን ከሌላው ጫፍ ያዘው፤ ዋይፋዩ ካርዱ ውስጥ ስለነበር ካሜራው ያነሳውን ፎቶ ራሱ ወደ ኮምፒውተር ይልከዋል። ያ ዘመን የተስፋ ዘመን ነበር።

ቤት ውስጥ ያሉ ሌሎች ዕቃዎችም ቀስ በቀስ ተከተሉ። «የዕቃዎች ኢንተርኔት» የሚለውን ስያሜ ኬቨን አሽተን የተባለ እንግሊዛዊ በ1999 ተጠቀመበት። ሐሳቡ ግን ቀድሞ የነበረ ነው። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተመራማሪዎች በ1991 የቡና ማፍያ ጀበናቸው ላይ ካሜራ ገጥመው፣ ቡና መኖሩን ከየቢሯቸው ሆነው ያዩ ነበር። በከንቱ መመላለስ አሰልችቷቸው ነው። ከ1993 ጀምሮ ያች ጀበና በኢንተርኔት ለዓለም ታየች፤ በ2001 ካሜራው ተዘጋ። በ2011 ኔስት የተባለው የቤት ሙቀት መቆጣጠሪያ፣ በ2012 በስልክ የሚታዘዘው የፊሊፕስ አምፖል፣ በ2014 ድምፅ ሰምቶ የሚመልሰው የአማዞን ድምፅ ማጉያ ተከታትለው ወጡ።

ፎቶው የሚሄድበት መንገድ

አሠራሩን መረዳት ጉዳቱንም ለመረዳት ይረዳል። ላኪው በስልኩ ላይ የፍሬሙን አፕሊኬሽን ይጭናል። ፎቶ ሲመርጥ አፕሊኬሽኑ ፎቶውን ወደ አምራቹ ሰርቨር፣ ማለትም ኩባንያው ራሱ ወዳለው ወይም ወደተከራየው ትልቅ ኮምፒውተር ይልከዋል። ፍሬሙ በበኩሉ በየጊዜው ሰርቨሩን «አዲስ ነገር አለ?» እያለ ይጠይቃል። ካለ ያወርዳል፣ ያሳያል።

ለምን በቀጥታ አይላክም? በየቤቱ ያለው የኢንተርኔት ማከፋፈያ (ራውተር) ከውጭ ያልተጠራ ግንኙነት ወደ ውስጥ እንዳይገባ በተለምዶ ስለሚከለክል ነው። ከቤት ወደ ውጭ መጠየቅ ግን ይፈቀዳል። ስለዚህ ላኪና ተቀባይ የሚገናኙት ሁለቱም ሊደርሱበት በሚችሉት ሦስተኛ ቦታ ነው። ሰርቨሩ እንደ ፖስታ ሣጥን ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ደብዳቤው የሚቀመጠው ሳይታሸግ መሆኑ ነው፤ የሣጥኑ ባለቤት ሊያየው ይችላል።

የፎቶ መጠንም መታወቅ አለበት። ዛሬ በብዛት የሚሸጠው ባለ 10 ኢንች ፍሬም በአግድም 1280፣ በቁመት 800 ነጥቦች አሉት። ሲባዛ ከ1 ሚሊዮን ትንሽ ይበልጣል። የስልክ ካሜራ ግን 12 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ነጥቦች ያነሳል። ትርፉ በፍሬሙ ላይ አይታይም። ጥሩ አፕሊኬሽን ፎቶውን ከመላኩ በፊት ያሳንሰዋል፤ ሌላው እንዳለ ይልከዋል። አንዱ ፎቶ 4 ሜጋባይት ቢሆን 100 ፎቶ 400 ሜጋባይት ነው። የኢንተርኔት ጥቅል ለሚገዛ ሰው ይህ ልዩነት ገንዘብ ነው።

ሌላው የማይታይ ነገር ፎቶው ውስጥ የተደበቀው መረጃ ነው። የስልክ ካሜራ ፎቶው የተነሳበትን ቀንና ሰዓት ይመዘግባል፤ የቦታ አገልግሎቱ ክፍት ከሆነ ደግሞ ቦታውን ጭምር። የሕፃኑ ፎቶ እንደ አላላኩ የቤቱን አድራሻ ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ድርጅቱ ሲዘጋ

የዚህ ዕቃ ትልቁ ድክመት ከተሰበረ ስክሪን ወይም ከተቃጠለ ቻርጀር አይመጣም። ዕቃው ደህና ሆኖ ሳለ አገልግሎቱ የሚሞትበት ጊዜ አለ።

በመጀመሪያዎቹ የዋይፋይ ፍሬሞች ዘመን ፍሬምቻነል የተባለ አገልግሎት ነበር። ለተለያዩ አምራቾች ፍሬሞች ፎቶ፣ ዜናና የአየር ሁኔታ ያደርስ ነበር። በ2011 አጋማሽ ተዘጋ። ፍሬሞቹ ሳሎን ውስጥ እንደተሰቀሉ፣ አምፖላቸው እየበራ፣ የሚጠይቁት ሰርቨር ጠፋባቸው። ኮዳክ ራሱ በጥር 2012 የኪሣራ ጥበቃ ጠየቀ፤ የኢንተርኔት ፎቶ ማከማቻውም በዚያው ዓመት ተዘግቶ የደንበኞቹ ፎቶዎች ወደ ሌላ ኩባንያ ተዛወሩ። የአይ-ፋይ አሮጌ ካርዶች የኢንተርኔት አገልግሎት ደግሞ በመስከረም 2016 ተቋረጠ።

ከሁሉም የሚያሳዝነውና የሚያስተምረው የናባዝታግ ታሪክ ነው። ናባዝታግ በ2005 ፈረንሳይ ውስጥ የተሠራ የፕላስቲክ ጥንቸል ነው። ስሙም በአርመንኛ ጥንቸል ከሚለው ቃል የመጣ ነው። በዋይፋይ ተገናኝቶ ጆሮውን እያንቀሳቀሰና መብራት እያበራ የአየር ሁኔታና መልእክት ይናገር ነበር። አምራቹ በ2009 ከሰረ፤ የገዛው ድርጅትም በ2011 ሰርቨሩን ዘጋው። ጥንቸሎቹ ጆሯቸውን እንደጣሉ ቀሩ። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ2019፣ የቀድሞ ሠሪዎቹ ከሕዝብ ገንዘብ አሰባስበው በጥንቸሉ ሆድ የሚገባ አዲስ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አዘጋጁ። ሰሌዳውን የገጠሙ ሰዎች ጥንቸላቸው ያለ ኩባንያው ሰርቨር ዳግም ተናገረ።

ሦስተኛው ምሳሌ ሬቮልቭ ነው። 300 ዶላር አካባቢ የተሸጠ፣ የቤቱን መብራትና በር በአንድ ላይ የሚያዝ ሣጥን ነበር። በ2014 ኔስት ኩባንያውን ገዛው። በግንቦት 2016 አገልግሎቱ ሲዘጋ ሣጥኑ ከናካቴው መሥራት አቆመ። ገዥዎቹ ዕቃውን የገዙ መስሏቸው ነበር፤ በተግባር ግን ዕቃው የሚሠራው ኩባንያው እስከፈለገ ድረስ ብቻ ነበር።

አንዳንዴ ደግሞ አገልግሎቱ ባይዘጋም ውሉ ይለወጣል። ኒክስፕሌይ የተባለው የታወቀ የፍሬም አምራች በ2025 በነጻ የሚሰጠውን የፎቶ ማከማቻ ወደ 500 ሜጋባይት ዝቅ አድርጎታል። ከዚያ በላይ የሚፈልግ መክፈል አለበት። ሣጥኑ ላይ «ነጻ» ተብሎ የተጻፈ ነገር እስከ መቼ ነጻ እንደሆነ መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሳይጠሩት የሚገባ እንግዳ

የፎቶ ፍሬም ቫይረስ ይይዘዋል ሲባል ብዙ ሰው ይስቃል። ነገሩ ግን ከጅምሩ አብሮት የነበረ ችግር ነው። በጥር 2008 ቤስት ባይ የተባለው የአሜሪካ የኤሌክትሮኒክስ መደብር በኢንሲግኒያ ስም ከሸጣቸው ባለ 10.4 ኢንች ፍሬሞች የተወሰኑት ገና ከፋብሪካ ቫይረስ ይዘው መውጣታቸውን አሳወቀ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከአንድ የሳምሰንግ ፍሬም ጋር የሚሰጠው ሲዲ ቫይረስ ተገኝቶበት ገዥዎች እንዲጠነቀቁ ተነገራቸው። በዚያን ጊዜ ቫይረሱ የሚፈልገው ፍሬሙን ሳይሆን ፍሬሙ የሚሰካበትን ኮምፒውተር ነበር።

በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። አጥቂዎች ዕቃውን ራሱን ፈለጉት። ለምን ቢባል ሌሊትና ቀን ይበራል፣ ኢንተርኔት አለው፣ ባለቤቱ ቫይረስ መከላከያ አይጭንበትም፣ ብዙ ጊዜም የይለፍ ቃሉ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። በ2016 ሚራይ የተባለው ፕሮግራም ከስልሳ በላይ የታወቁ የፋብሪካ የይለፍ ቃሎችን እየሞከረ የጥበቃ ካሜራዎችንና የቪዲዮ መቅጃዎችን በብዛት ማረከ። በዚያው ዓመት ጥቅምት 21 ቀን እነዚህ የተማረኩ ዕቃዎች ዳይን የተባለውን የኢንተርኔት አድራሻ አገልግሎት በጥያቄ ብዛት አጥለቅልቀው፣ ትዊተርና ኔትፍሊክስን ጨምሮ ብዙ ታላላቅ ድረ-ገጾች ለሰዓታት እንዳይከፈቱ አደረጉ። ሚራይን የሠሩት ሦስት ወጣት አሜሪካውያን ሲሆኑ በ2017 ጥፋታቸውን አምነዋል።

በሰኔ 2025 የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ (ኤፍ ቢ አይ) ባድቦክስ 2.0 ስለተባለ መረብ ማስጠንቀቂያ አወጣ። የተበከሉት ዕቃዎች በስም ተዘርዝረዋል፦ የቴሌቪዥን ማጫወቻ ሣጥኖች፣ ፕሮጀክተሮች፣ ለመኪና የሚገጠሙ ስክሪኖች፣ ዲጂታል የፎቶ ፍሬሞች። አንዳንዶቹ ከመሸጣቸው በፊት የተበከሉ፣ ሌሎቹ ሲገጠሙ ከሚወርድ ፕሮግራም ጋር የተበከሉ ናቸው። በቀጣዩ ወር ጉግል በኒውዮርክ ፍርድ ቤት ክስ ሲመሠርት የተበከሉት ዕቃዎች ከ10 ሚሊዮን እንደሚበልጡ ገልጿል። በኖቬምበር 2025 ደግሞ ኮካ የተባለ የደህንነት ኩባንያ ኡሃሌ በተባለው አፕሊኬሽን የሚሠሩ ርካሽ ፍሬሞችን መርምሮ፣ ብዙዎቹ ገና ሲበሩ ጎጂ ፕሮግራም እንደሚያወርዱ አመለከተ። አሮጌ የአንድሮይድ ሥሪት የሚጠቀሙ ነበሩ።

ለባለቤቱ ይህ ምን ማለት ነው? ፍሬሙ ፎቶ ማሳየቱን አያቆምም፤ ምልክትም ላያሳይ ይችላል። ነገር ግን ሌላ ሰው ወንጀል ሲሠራ የእናትዎን ቤት የኢንተርኔት አድራሻ እንደ መሸፈኛ ሊጠቀምበት ይችላል። የጥቅሉም ኢንተርኔት ያለምክንያት ቶሎ ቶሎ ያልቃል። በዚያው ዋይፋይ የተገናኙ ስልኮችና ኮምፒውተሮችም ከአጥቂው ጋር አንድ ቤት ይሆናሉ።

ሕጉ ምን ይላል?

መንግሥታት ዘግይተውም ቢሆን መንቀሳቀስ ጀምረዋል። ጀርመን በየካቲት 2017 ካይላ የተባለችውን ከኢንተርኔት ጋር የምትነጋገር የልጆች አሻንጉሊት የተደበቀ የስለላ መሣሪያ ናት ብላ ከገበያ አገደች። የካሊፎርኒያ ግዛት ሕግ ከጥር 2020 ጀምሮ አምራቾች ለዕቃዎቻቸው ተገቢ የደህንነት ጥበቃ እንዲያደርጉ ያስገድዳል። በእንግሊዝ ከሚያዝያ 2024 ወዲህ በቀላሉ የሚገመት የፋብሪካ የይለፍ ቃል ያለው ዕቃ መሸጥ ክልክል ሲሆን፣ አምራቹ እስከ መቼ የደህንነት ማሻሻያ እንደሚሰጥ መግለጽ አለበት። የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 መጨረሻ ተመሳሳይ ሕግ አውጥቷል፤ ዋና ዋና ግዴታዎቹ በታኅሣሥ 2027 ይጀምራሉ።

በእኛም አገር የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (በእኛ አቆጣጠር) ወጥቷል። የሰው ፎቶግራፍ ባለቤቱን ለመለየት እስካስቻለ ድረስ የግል መረጃ ነው። ሆኖም ሰርቨሩ ባሕር ማዶ፣ አምራቹ ሌላ አገር፣ ሻጩ የኢንተርኔት ገበያ ሲሆን ሕግ ብቻውን ለአንዲት እናት ፈጥኖ አይደርስም። ስለዚህ ዋናው ጥንቃቄ ከገዥው እጅ አይወጣም።

ከመግዛትዎ በፊት

በመጀመሪያ ደረጃ ፍሬሙ ያለ ኢንተርኔት ይሠራ እንደሆነ ይጠይቁ። ከዩኤስቢ ወይም ከኤስዲ ካርድ ፎቶ የሚያነብ፣ የወረደውንም በራሱ ማስታወሻ የሚያስቀምጥ ከሆነ ኩባንያው ቢዘጋም ቢያንስ የፎቶ ፍሬምነቱ አይቀርም። ሰርቨር ካላገኘ ጥቁር የሚሆን ከሆነ ግን ገንዘብዎን የሚያወጡት ለዕቃው ብቻ ሳይሆን ለኩባንያው ዕድሜ ጭምር ነው።

ሁለተኛ፣ አምራቹ ማን ነው? ስም፣ ድረ-ገጽ፣ የማሻሻያ ታሪክ ያለው ነው ወይስ ያው ፍሬም በአሥር ስም የሚሸጥ? ዋጋው ከሌላው በእጅጉ ከረከሰ የቀረውን ሒሳብ ማን እንደሚከፍል ይጠይቁ። የአንድሮይድ ሥሪቱን በማስተካከያው ውስጥ ማየት ይቻላል። ዘንድሮ የተገዛ ዕቃ በ2015 የወጣውን አንድሮይድ 6 የሚጠቀም ከሆነ መመለስ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ዋይፋዩን ይመልከቱ። ብዙ ፍሬሞች የሚያዩት የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ብቻ ነው። ይህ ሞገድ ከ5 ጊጋኸርዙ ይልቅ ግድግዳ ያልፋል፤ ፍጥነቱ ግን ያንሳል። ለፎቶ ይበቃል። በእጅ ስልክ ሆትስፖት የሚጠቀሙ ከሆነ ስልኩን በ2.4 እንዲያሰራጭ ያድርጉት። ስልኩ ከቤት ሲወጣ ፍሬሙም ከኢንተርኔት እንደሚወጣ አይርሱ።

አራተኛ፣ የፎቶውን ዓይነት ያረጋግጡ። አይፎን ከ2017 ወዲህ ፎቶ የሚያስቀምጠው በተለምዶ ከጄፔግ በተለየ አዲስ ዓይነት ነው። አሮጌ ፍሬም ይህን በፍላሽ ቢሰጡት አይከፍተውም። በስልኩ የካሜራ ማስተካከያ ውስጥ ወደ ጄፔግ መቀየር ይቻላል።

አምስተኛ፣ የማያስፈልግ ነገር አይግዙ። ፎቶ ለማሳየት ማይክሮፎንና ካሜራ አያስፈልግም። ካለው የሚዘጋበት መንገድ ይኑረው።

ወደ አገር ቤት ለምትልኩ

ለወላጅ ፍሬም የሚልክ ሰው ሥራውን እዚያው ቢጨርስ ይመረጣል። ዕቃውን አስነስቶ ማሻሻያውን መጫን፣ ቋንቋውንና ሰዓቱን ማስተካከል፣ አንድ ሃምሳ ያህል ፎቶ አስቀድሞ በውስጡ ማስቀመጥ ይቻላል። እንዲህ ከሆነ ሻንጣው ተከፍቶ ሶኬት ላይ በተሰካ ሰዓት ፎቶው ይታያል፤ ዋይፋዩ በኋላ ይደርሳል። የቤቱን ዋይፋይ የሚያስገባላቸው ጎረቤት ወይም ዘመድ አስቀድሞ መነገር አለበት።

የቻርጀሩን ጀርባ ያንብቡ። «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል ከሆነ በእኛ 220 ቮልት ይሠራል። የአሜሪካው መሰኪያ ግን እግሩ ጠፍጣፋ ስለሆነ መቀየሪያ ያስፈልገዋል። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ዕቃ ስለሚጎዳ ፍሬሙን በስታብላይዘር በኩል መሰካት አይከፋም።

የኢንተርኔት መቋረጥንም አስቡ። በ2012 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) ክረምት ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል ተቋርጦ እንደነበር የሚዘነጋ የለም። በእንዲህ ያለ ጊዜ በራሱ ማስታወሻ ፎቶ የያዘ ፍሬም የልጅ ልጆቹን ፊት ማሳየቱን ይቀጥላል። ሌላው ደግሞ «ግንኙነት የለም» እያለ ይቆያል።

ከተገጠመ በኋላ

የዋይፋይ ማከፋፈያውን የፋብሪካ የይለፍ ቃል ይቀይሩ። ብዙ ማከፋፈያዎች «የእንግዳ ኔትወርክ» የሚል አማራጭ አላቸው። ፍሬሙን፣ አምፖሉን፣ የቴሌቪዥን ሣጥኑን በእንግዳው በኩል ያገናኙ፤ የባንክ ሥራ የሚሠሩበትን ስልክና ኮምፒውተር በዋናው ላይ ይተዉ። እንግዳ ሳሎን ይቀመጣል እንጂ ጓዳ አይገባም።

ፎቶ ወደ ፍሬሙ የመላክ ፈቃድ ያላቸውን ሰዎች ዝርዝር አልፎ አልፎ ይመልከቱ። አንዳንዱ ፍሬም የኢሜል አድራሻ ይሰጠዋል። አድራሻውን ያወቀ ሁሉ ፎቶ እንዳይልክ የተፈቀደላቸው ሰዎች ብቻ እንዲልኩ ይወስኑት። በስልክዎ ላይ የካሜራውን የቦታ ምዝገባ ያጥፉ። የመታወቂያ፣ የፓስፖርት፣ የሕክምና ወረቀት ፎቶ በዚህ መንገድ አይላኩ።

ፍሬሙን ለሌላ ሰው ሲሰጡ ወይም ሲሸጡ መጀመሪያ በማስተካከያው ውስጥ ያለውን «ወደ ፋብሪካ ሁኔታ መልስ» የሚለውን ይጫኑ፤ ከዚያም በአፕሊኬሽኑ ውስጥ ፍሬሙን ከስምዎ ይሰርዙ። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው የዕቃውን ማስታወሻ ያጸዳል፤ ሁለተኛው ነገ የሚልኩት ፎቶ የማያውቁት ሰው ሳሎን እንዳይታይ ያደርጋል። በሰርቨሩ ላይ ያለውን ፎቶ መሰረዝ ደግሞ ሦስተኛ ሥራ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ዋናዎቹን ፎቶዎች ፍሬሙ ላይ ብቻ አይተዉ። ፍሬም ማሳያ እንጂ ማከማቻ አይደለም። ፎቶዎቹን ቢያንስ በአንድ ሌላ ቦታ፣ በኮምፒውተር ወይም በውጫዊ ሀርድ ዲስክ ላይ ያስቀምጡ። በየዓመቱም ከመካከላቸው አሥር ያህሉን መርጠው ፎቶ ቤት ወስደው ያሳትሟቸው። ያኛው የእንጨት ክፈፍ የይለፍ ቃል የለውም፣ ደንበኝነት አያስከፍልም፣ ሰርቨሩም አይዘጋም። እናት ሁለቱንም ጎን ለጎን ብታኖራቸው የአንዱ ጉድለት በሌላው ይሸፈናል።